ውድነሽ የሰፋችበት መኪና

ሰኔ 12 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሚካኤል

አፉ የእኔ የወልደጻድቅ ነው፤ እጁ የልጄ የፋናዬ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትምም። ፊደል የቆጠረው የአሰላ ሰው ሰዓቱ ሲቆም፣ ፋኖሱ ሲጨስ፣ የበሩ ቁልፍ አልከፍት ሲል ወዴት ይመጣል? ወደ እኔ ደጅ። ጣሊያን ጋራዥ አስገብቶ በግድ አሠራኝ፤ ሲሄድ እሱን ረገምሁ፣ ካቻቢቴውን አስቀረሁ። እንዲሁ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

የማስጽፈው ለምስክር ነው። ዛሬ ከቅዳሴ ስወጣ መሪጌታ ገብረ መድህን ከኋላዬ ያወራሉ። «ሰዓቴን ሠርቶ ሲያመጣልኝ ሁለት ጥርሳም ጎማ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ምንድን ነው ስለው ትርፍ ነው አለኝ» ይላሉ። ሰው ሳቀ። ሰዓቱ ግን ይሄዳል። ትንሽ ይቸኩላል እንጂ ይሄዳል። ካህን ወደ ቅዳሴ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?

ሆኖም ከእንግዲህ ትርፍ የሚባል ነገር ከእጄ አይወጣም። ዘዴ አግኝቻለሁ። ገበያው አፍ ላይ ሦስት እግር ባለው ሳጥን ፎቶ የሚያነሣውን ሁሴኖን አነጋገርሁት። የሳጥኑን እግር የጠገንሁለት ሰው ነው፤ እምቢ አይለኝም። ዕቃም እንደ በሬ ብልት አለው። በፈታሁ ቁጥር ነጭ አቡጀዲ ላይ በተራ እደረድረዋለሁ፤ መጀመሪያ የወለቀው በቀኝ፣ መጨረሻ የወለቀው በግራ። ሁሴኖ ያነሣዋል። ስገጥም ሥዕሉን እያየሁ ከግራ ጀምሬ ወደ ቀኝ እመለሳለሁ። ሥዕሉ ያስታውሳል። እኔ ረሳሁ አላልሁም። ሥዕሉ ያስታውሳል ነው ያልሁት።

ሰኔ 16

ፋኖስ ፈታሁ። የቤቱን በር ነቅለን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አጋደልነው፤ አቡጀዲውን አለበስነው። ብረቶቹ እንዳይንሸራተቱ እያንዳንዳቸውን በጧፍ ሰም አጣበቅሁ። ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች። ሁሴኖ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ እጁን በሳጥኑ ጎን ሰድዶ እንደ አዋላጅ ሲዳብስ ቆየና ወረቀት አወጣ። አየሁት። ነጩ አቡጀዲ ጥቁር ሆኗል፤ ብረቱ ነጭ ሆኗል።

«ይህች እናቲቱ ናት፣ አባባ» አለኝ። «እሷን መልሼ አነሣና ልጁን እሰጥዎታለሁ። ሰው የሚወስደው ልጁን ነው።»

«ፋኖሱን ያየችው ማናት?»

«እናቲቱ።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ያየው እናቱን ነው።»

«እንግዲያው ልጁ የሰማ ነው። እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያየ እያለ የሰማ አይመሰክርም። እናቲቱን ስጠኝ።»

«አባባ፣ እሷ እኮ ቀለሟ ብቻ አይደለም የተገለበጠው…»

«ስጠኝ አልሁ።»

ሰጠኝ። «ወላሂ፣ ከእርስዎ ጋር መከራከር ከጭላሎ ተራራ ጋር መጋፋት ነው» አለ። ልክ ነው።

ፋኖሱ አንዲት ብሎን ሳትተርፈው ገጠመ። በጠራራ ፀሐይ አብርቼው ገበያውን ዞርሁ። በመሪጌታ ደጃፍ ሁለት ጊዜ አለፍሁ።

ሰኔ 24

የሻይ ቤቱን ፕሪሙስ ምድጃ ፈታሁ፣ አስነሣሁ፣ ገጠምሁ። እንደ እባብ እየነፋ ነደደ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሥዕሉ ጥግ ላይ፣ ከብረቶቹ አጠገብ፣ ነጭ ነገር ቆሟል። ረጅም ነው፤ ፊት የለውም። የፋኖሱን ሥዕል አውጥቼ አየሁ፤ እዚያም ላይ አለ። ፋናዬን ጠራኋት።

«ጥላ ነው፣ አባባ» አለች።

ጥላ ነጭ ሆኖ አያውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ጥላ ልታስተምረኝ ነው።

ሐምሌ 2

ዛሬ ዙቤዳ መጣች። ከዴራ የመጣች፣ ከእኛ ጎረቤት ቅቤ የምትነግድ ሴት ናት። ልጇን አስያን ከመውሊድ በኋላ ትድራለች። የሠርጉን ልብስ ጨርቅ ለፋናዬ አመጣች፤ አረንጓዴ ሐር፣ ውኃ የመሰለ። ፋናዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በስፌት ነው፤ እኔም የምበላው ከእሷ ነው። የስፌት መኪናው የእናቷ፣ የሟቿ ሚስቴ የውድነሽ ነበረ። ውድነሽ ሠላሳ ክረምት መርገጫውን ረግጣዋለች።

ፋናዬ ስትሰፋ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። በመኪናው ሆድ ውስጥ የሚያንኳኳ ነገር አለ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ዝም። ሰው በር ላይ ቆሞ ግቡ እስኪባል እንደሚያንኳኳው ነው።

«ትሰሚያለሽ?» አልኋት።

«ምንም አይሰማኝ። መኪናው ደህና ነው። እባክዎ አባባ፣ እንዳይነኩት።»

እንዳይነኩት አለችኝ። ራሷ ናት አሁን የምትጽፈው፤ ትጻፈው።

ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

አሁንም ያንኳኳል።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ

ፋናዬ ገበያ ወጣች። ፈታሁት።

በሩን ነቅዬ ብረቶቹን በተራ ደረደርሁበት፤ አንድም ብረት አልተውሁም። ጥሩ አፈታት ነው የፈታሁት። የሚያንኳኳውን አላገኘሁትም። ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ዘይት ጠጥቷል፣ የላላም የተሰበረም የለበትም።

ልጅቷ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ቆመች። ዘንቢሏን አላወረደችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ሐምሌ 9

ዝናብ። ሁሴኖ ያለ ፀሐይ አይሆንም ይላል። ጭላሎ በደመና ተከናንቧል።

ሐምሌ 11

ዝናብ። ብረቶቹ በሩ ላይ ተደርድረው ቤት ውስጥ ናቸው። በሩ ስለ ሌለ ደጃፉን በሰሌን ጋርደናል። ብርድ ነው።

ሐምሌ 13

ያው ዝናብ። ፋናዬ «ገና ያልረሱት ሳለ ቢገጥሙትስ?» አለችኝ። ማን ይረሳል? ሥራ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ይነሣል፣ ኋላ ይገጠማል። ሁሴኖ ፀሐይ ስትወጣ ይመጣል። የሳጥኑን እግር የጠገንሁለት ሰው ነው። ነግሬሻለሁ? ብነግርሽም ጻፊው።

ሐምሌ 15

ይህን ረጋ ብለሽ ጻፊ።

ማታ ተኝቼ ሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። መኪናው ተፈትቶ ተዘርግቷል፤ ጎማው ለብቻው ነው፣ መርገጫው ለብቻው ነው፣ መርፌዋ ሰም ላይ ተኝታለች። የሚያንኳኳ ሆድ የለውም። ተነሥቼ ጆሮዬን አቡጀዲው ላይ ጣልሁ፤ ቀዝቃዛ ብረት ነው። ወደ መኝታዬ ስመለስ እንደ ገና ጀመረ።

ውድነሽ እንዲህ ነበረች። ተናድዳ ሳለ አትናገርም፤ መርገጫውን ባዶውን ትረግጠው ነበር፣ ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር፤ እኔ እስክጠይቃት ድረስ። ምን ሆንሽ እላታለሁ። ምንም ትለኛለች። አሁን ምን ብዬ ልጠይቃት?

መብራቱን ከፍ አድርጊው፣ ውድነሽ። ምን ታዪኛለሽ? ጻፊ።

ሐምሌ 19፣ ገብርኤል

ፀሐይ ወጣች። ሁሴኖን አስጠራሁት፤ እየሮጠ መጣ። በሩን አወጣን፣ አጋደልን፣ ከፀሐይዋ ፊት ቆሜ አንዱንም ብረት ሳይዛነፍ አስነሣሁ። እናቲቱን ተቀበልሁ። ሁሴኖ «ይቺን እንኳ ልጇን ላውጣልዎት፤ መኪና እኮ ፋኖስ አይደለም» አለ። አላስጨረስሁትም። ደመናው ሲመለስ ብረቶቹን ከሰሙ አላቅቀን ሰፌድ ላይ አፈሰስናቸውና በሩን ወደ ቦታው መለስን። ከእንግዲህ ተራቸውን የሚያውቀው ሥዕሉ ብቻ ነው። እኔም አለሁ።

ሥዕሉን አየሁት። ያ ነጭ ነገር ዛሬ ጥግ ላይ አልቆመም። ወደ ብረቶቹ አጎንብሷል። ትከሻ አለው፣ የተከናነበ ራስ አለው። ነጠላ ነው።

መኪናዋን ልታይ መጥታለች። ለፋናዬ አልነገርኋትም ነበር፤ ይኸው አሁን ነገርኋት።

ሐምሌ 23

ከግራ ጀመርሁ። አልገባም አለ። ብሎኑ ቀዳዳውን አያውቀውም።

ሐምሌ 26

እንደ ገና።

ሐምሌ 28

ጎማውን ገጠምሁ። ይዞራል፤ መርፌዋ ግን አትወርድም። ፈታሁት።

ነሐሴ 3፣ ፍልሰታ

ጾም ነው። ፋናዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ እኔ በየሳምንቱ ዘይት ሳጠጣው ከሥሩ አየዋለሁ። ይህኛው በዚያ በኩል ይመስለኛል» አለችና ብረት አነሣች።

«አስቀምጪ» አልኋት። «ካቻቢቴ ለሴት እጅ አልተሠራም።»

አስቀመጠች። ሥዕሉ እዚህ ይላል፤ ልጅቷ እዚያ ትላለች። ያየ ማነው? ሥዕሉ ነው። ሥዕሉ ዋሸ ማለት አልችልም። እጄ ነው የሚዋሸው። ዛሬ ካቻቢቴው ጠፍቶኝ ቤቱን ሁሉ አስበረበርሁ፤ ፋናዬ ከእጄ ላይ ወሰደችው።

ነሐሴ 10

ዙቤዳ መጣች። እኔ ጓዳ ነበርሁ።

«ፋኔ፣ ጨርቁ እንደ ሰጠሁሽ እንደ ታጠፈ ነው» አለች። «እንግዶቹ ከዴራ ይመጣሉ፣ ሙሽራይቱን በምን ላውጣት? በአልጋ ልብስ ላውጣት? ለሰፊው ለከዲሮ ልስጠው?»

«ትንሽ ቀን ታገሺኝ።»

«አንቺን ታገሥሁ። አባትሽን ነው መታገሥ ያቃተኝ። ደህናውን መኪና ለምን ፈታው?»

ፋናዬ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጆሮዬ ግን እንደ ልጅነቱ ነው። «የእማዬን ድምፅ ሰምተው ነው» አለቻት። «ትላንት ሁለት ጊዜ በእሷ ስም ጠሩኝ። ሁለቱንም ጊዜ አቤት አልኋቸው።»

ዙቤዳ በእነሱ ቋንቋ ምርቃት የመሰለ ነገር ተናገረች። ጨርቁን ግን አልወሰደችውም።

አልጠራኋትም። መቼ ነው የጠራኋት? ጻፊ እንጂ ምን አቆመሽ?

ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ጅራፍ ሲጮህ ዋለ። እኔ ሰፌዱ ፊት ዋልሁ። ጣቶቼ መሐል ትንሽ ብረት ይዤ ይህ ምንድን ነው አልሁ። ስሟን አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ። አልመጣልኝም። ይህች ነገር፣ ይህች… ተዪው።

ከዲሮ ጨርቁን ከወሰደ የሠፈሩ ሁሉ ጨርቅ ወደ ከዲሮ ይሄዳል። የልጄን እንጀራ በገዛ ካቻቢቴዬ ፈታሁት። ይህን ስል ማንም አላስገደደኝም።

ነሐሴ 17

ሥዕሉ ከትራሴ ሥር ጠፋ። አልጋውን ገለበጥሁ። ወስዳዋለች። የሷ መኪና ነው፣ የሷ ሥዕል ነው፤ መጥታ ወሰደችው። ጧት ለፋናዬ ስነግራት «ይገኛል» አለች እንጂ አልደነገጠችም። አሁንም አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ነሐሴ 21

ሁሴኖ ሳልጠራው መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ሲያፍር እንዲህ ያደርጋል። ሁለት ወረቀት ይዟል፤ አንዷ የጠፋችው እናት ናት። ከየት እንዳገኛት አልጠየቅሁም።

«አባባ፣ ቢቆጡም ልናገር» አለ። «ይህች ልጇ ናት። ያድምጡኝ። እናቲቱ መስተዋት ናት። ቀኝዎን ግራ አድርጋ ነው የምታሳየው። ፋኖስ ክብ ነው፣ ፕሪሙስም ክብ ነው፤ ቀኝም ግራም የላቸውም፤ ብረታቸውም ጥቂት ነው፣ እጅዎ ራሱ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ገጠሙልዎት። መኪና ግን ቀኝና ግራ አለው። እርስዎ መጨረሻ የፈቱት ነው ብለው የሚጀምሩት መጀመሪያ የፈቱትን ነው።»

ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኋቸው። ብዙ አየሁ። ልጁ ላይ አቡጀዲው ነጭ ነው፣ ጎማው ከቀኝ ነው። በዚያ ዕለት እንደ ደረደርሁት።

ዳር ላይ ያለው ደግሞ ጥቁር ነው።

«ይህ ማነው?» አልሁት።

ሁሴኖ ፋናዬን አየ። ፋናዬ መሬት አየች።

«ይህ ጎባጣ ሽማግሌ ማነው? ሥራዬ ላይ ማን አቆመው?»

«ፀሐይዋ ከኋላችን ነበረች፣ አባባ» አለ ሁሴኖ። «ከፊት የቆሙት እርስዎ ነዎት። ጋቢ ለብሰው ነበር።»

እኔ አልጎበጥሁም። ይህን ጻፊ። ብርድ ስለ ነበረ ነው።

ሲሄድ ዙቤዳን መንገድ ላይ አግኝቶ ትንሽ ቀን ታገሺ እንዲላት ነገርሁት። እኔ ነኝ ያልሁት። ፋናዬ አይደለችም።

ነሐሴ 23

መደብ ላይ ተቀመጥሁ። ሁሴኖ ያመጣውን ልጁን ሥዕል ያዝሁ። ፋናዬ ካቻቢቴውን ያዘች። እኔ ቀጥሎ ያለውን በጣቴ አሳያታለሁ፣ እሷ ታነሣለች፣ ትገጥማለች። ጣቴ በሳተ ጊዜ ምንም ሳትል ትክክለኛውን ታነሣለች፤ እኔም ምንም ሳልል ወደዚያው አሳያለሁ። እጇ የእናቷ ነው። ካቻቢቴ አያያዟ ግን የእኔ ነው፤ ሳላስተምራት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ጠፍሩን አጠለቀችና መርገጫውን ነካችው። መርፌዋ ወረደች፣ ወጣች። ሰፌዱ ባዶ ነው።

ፋናዬ አለቀሰች። የሴት ነገር ነው። እኔ ዓይኔን የጠረግሁት ከዘይቱ ነው።

ነሐሴ 30፣ የእስላሞች መውሊድ

አረንጓዴው ልብስ አለቀ። ዙቤዳ አስያን ይዛት መጣች፤ ልጅቷ በላይ በላይ አጥልቃው ስትዞር ቤቱ ውስጥ ውኃ የፈሰሰ መሰለ። ዙቤዳ ለእኔ ቅቤ አመጣችልኝ።

«አባባ፣ ሁለተኛ መኪና ሲፈቱ አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ልጄን በሌላ ዓመት እድራለሁ» አለችኝ።

ሳቅሁ። ምላሷ መርፌ ነው፣ ግን ክር አለው።

መስከረም 3 ቀን 1953 ዓ.ም.

አልነግራትም ብዬ ነበር። መኪናው ሥራ ፈትቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ሳለ ያንኳኳል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ፋናዬ ማዶ ተኝታለች። ሰማሽ ወይ አላልኋትም፤ የምትለውን አውቃለሁ። ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንሁት፤ ይበልጥ ቀረበ።

ከእንግዲህ አልፈታም። ማንኳኳት ካማረሽ አንኳኪ፣ ውድነሽ። ምን ሆንሽ ብዬ ጠየቅሁሽ፤ ምንም አልሽኝ። እንደ ልማድሽ።

መስከረም 12፣ ሚካኤል

ዛሬ ቱሳ ከዲክሲስ መጣ፤ እህል ነጋዴው። በረንዳው ላይ ሰው ነበረ፤ መሪጌታ ገብረ መድህንም ተቀምጠው ነበር። ቱሳ ጃንጥላ ይዟል፤ አንድ ጎኗ እንደ ተመታ ክንፍ ተንጠልጥሏል።

«አባባ ወልደጻድቅ፣ አጥንቷ ወልቆ ነው» አለኝ። «ለእርስዎ የዓይን ጥቅሻ ነው።»

ተቀበልሁት። ከፈትሁት። ከሥሩ አየሁ። ሽቦዎች ናቸው፤ ሁሉም ከመሐል ይነሣሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ብነቅለው የትኛው እንደ ነበረ አላውቅም። ሰው ሁሉ እጄን ያያል። ዘጋሁት፤ መለስሁለት።

«ምነው? ሥራ በዝቶብዎ ነው?»

በዝቶብኛል ማለት ይቻል ነበር። ዓይኔን አሞኛል ማለትም ይቻል ነበር። መሪጌታ እንኳ ሊያግዙኝ ፈልገው፣ «የዘንድሮ ብርድ የሰው ጣት ይዟል» አሉ።

«ጣቴ ደህና ነው» አልሁ። «አልችልም።»

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ቱሳ ጃንጥላውን ብብቱ ሥር ከተተ። ፋናዬ ከመኪናዋ ላይ ተነሣች፣ «እስቲ ልየው» ብላ ከብብቱ ወሰደችው፤ ወደ ውስጥ ይዛው ገባች።

አሁን እዚህ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አነሣች። በሌላ ቃል ልለውጠው ወይ ልትለኝ ነው። አትለውጪው፣ ፋናዬ። እንደ ተናገርሁት ጻፊው። አልችልም።